አልማዝን ላኩልኝ

ደብዳቤው የመጣው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከቡሬ ወዲያ ካለ አንድ የገጠር ደብር ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ይዘውት መጡ። ማኅተም አለው፤ ከራስጌው ላይ በጥቁር እስክሪብቶ «ለወይዘሮ አልማዝ፣ መስታወት ቆራጭ» ይላል። የእትዬ አልማዝ እጅ በስቱኮ ተለውሶ ስለነበር «እንች፣ አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብሁላት። ዐሥራ ሁለት መስኮት፣ ሁሉም ባለ ቀለም መስታወት፣ ሥራው በእርስዎ እጅ እንዲሆን ደብሩ ተስማምቷል ይላል። «እስቲ ድገሚው» አለች፤ ደገምሁት። ሦስተኛ ጊዜ ስታስነብበኝ ነው የገባኝ፤ መስማት የፈለገችው ዐሥራ ሁለቱን መስኮት ሳይሆን አድራሻውን ነው። ስሟና ሙያዋ አንድ ላይ ሆነው በማኅተም ሲመጡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። እኔ ከደስታዬ ብዛት ዘለልሁ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ እሷ ግን መስታወት ቤት ውስጥ እንደማይዘለል ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ እየቆጠረች እሷም ትስቅ ጀመር።

ትዝታ የሽማግሌ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ ገና ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ነገር ግን የአማርኛ አስተማሪያችን ባለፈው ወር የጻፍሁትን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ካነበቡት ወዲህ እስክሪብቶ መፍራት ትቻለሁ፤ ያለፈ ነገር ያለው ሰው ሁሉ ትዝታ አለው ብለውኛል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ለትልልቆቹ ትናንት ነው፤ ለእኔ ግን የዕድሜዬ ግማሽ ነው። ደግሞም ያን ጊዜ የሚመልስልኝ ሽታ አለኝ። የመስታወት ስቱኮ ሲቦካ የተቆላ ተልባ ይሸታል። ቅዳሜ ዕለት እትዬ አልማዝ እጇን ስትጠርግ ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባና እኔ ስምንት ዓመት ሆንሁ፤ ላስቲክ ጫማ አጠለቅሁ፤ የግራው ማሰሪያ የተበጠሰ ነው፣ በሽቦ ታስሯል።

ያኔ አስፋልቱ ፍኖተ ሰላም አልደረሰም። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነበር። አሁን ባጃጅ የሚጋፋበት ጥግ ላይ የጋሪ ፈረሶች ቆመው ገለባቸውን ያኝኩ ነበር። ሻይ ሠላሳ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ ሃያ አምስት፤ ጋሪ እስከ ጤና ጣቢያው አምሳ ሳንቲም ነው፣ ተከራክሮ የሚሄድም አለ። ኮበሌዎቹ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ካሴት ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። ካሴት ቤቱ ጠዋት ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት በኋላ የጎጃም እስክስታ ይከፍታል፤ ከተማው ሰዓቱን የሚያውቀው በዚያ ነበር። ከካሴት ቤቱና ከልብስ ሰፊው መካከል ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም የጋሼ ደሳለኝ መስታወት ቤት አለ። ጋሼ የመስኮት መስታወት ይቆርጣል፣ የቅዱሳን ሥዕልና የሠርግ ፎቶ በፍሬም ያስገባል። በፍሬሙ አራት ማዕዘን ላይ ቀይና አረንጓዴ መስታወት ጣል ያደርግበታል፤ ይህች የእሱ ፈሊጥ ነበረች። ሰው ከማንኩሳ ድረስ ለእሷ ብሎ ይመጣል።

ትርፍራፊውን ጠርዙን በድንጋይ አሽቶ ለእኔ ይሰጠኛል። በአረንጓዴው ከተማውን ሳየው በጥር ክረምት ይገባል፤ በቢጫው መስከረም ይጠባል፤ በሰማያዊው ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል። በቀዩ ግን ፍኖተ ሰላም የተቃጠለ ስለሚመስለኝ ቶሎ ከዓይኔ አነሳዋለሁ። ባለ ቀለም ብርጭቆ ያለበትን ቦታ ሁሉ አውቀው ነበር። የጠጅ ቤቷ ብርሌዎች ታጥበው ፀሐይ ላይ ሲደፉ፣ በገበያ ቀን ዶቃ ሻጯ ጆንያዋ ላይ ዶቃዋን በየቀለሙ ስትዘረጋ፣ ከበዓል የመስታወት ኩባያችን ታች ያለችው ሰማያዊ ቀለበት። ወንዶቹ ብይ ሲጫወቱ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ በብዩ ሆድ ውስጥ የተጠማዘዘችው ቀለም እንዴት እንደገባች እጠይቃቸዋለሁ። ዞር በይ ይሉኛል። እስካሁንም አላወቅሁትም።

መስታወት የሚቆርጠው መሣሪያ አልማዝ ይባላል። እንደ እስክሪብቶ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት፤ ጫፏ ላይ ሹል ጥርስ አለቻት። በማስመሪያ ተደግፋ መስታወቱ ላይ አንድ ጊዜ ጫር አድርጋ ታልፋለች፣ ከዚያ በሁለት እጅ ቀጭ ሲያደርጉት መስታወቱ እንደ ብስኩት ለሁለት ይከፈላል። ጋሼ ሁለት አልማዝ ነበሩት። አንዷ ከደረት ኪሱ አትለይም፤ ሁለተኛዋ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች።

ሌላዋ አልማዝ ደግሞ በግቢያችን የጓሮ ክፍል የተከራየች ልጅ ናት። ቤተ ሰቦቿ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚያርሱ አገዎች ናቸው፤ ከእናቷ ጋር በአዊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች። ለትምህርት መጥታ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች፣ ነጥቡ ግን አልመጣላትም። ሰማያዊውን የተማሪ ሹራቧን እንደለበሰች ቀኑን ሙሉ ሥራ ስትጠይቅ ውላ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች፤ ቀሪውን ጊዜ ሰፌድና ሙዳይ ትሰፋለች። አባቷ ቁርጡን ልከውባታል። እስከ ሰባር ጊዮርጊስ ሥራ ካልያዘች መጥተው ይወስዷታል፤ ለአንድ ጎረቤት ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ሰባር ጊዮርጊስ ጥር ዐሥራ ስምንት ቀን የሚውለው ነው፤ የሰማዕቱ ዐጥንት ተሰብሮና ተፈጭቶ የተበተነበት መታሰቢያ። አልማዝ ልጁን አልጠላችውም፣ አይታውም አታውቅ። «ሳልሞክር መመለሱ ነው» ትላት ነበር ለእማዬ፤ ከዚያ በላይ አትናገርም።

ጥምቀት እንዳለፈ ጋሼ ደሳለኝ ወደ ቋሪት ሄደ። ከገበዝ ማርያም ወዲያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ያለች የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ባለ ቀለም መስኮት አስባለች፤ ለሰባር ጊዮርጊስ ንግሥ መድረስ አለበት። መስታወቱን በጭድ ጠቅጥቆ በሣጥን ጫነ። ሲወጣ አልማዙን ከደረት ኪሱ ከትቶ ኪሱን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገ፤ ሁላችንም እያየነው ነው። ወደዚያ የሚሄደው የገበያ መኪና በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ጥር ዐሥራ አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት አመጣልን። የጋሼ ጽሑፍ ነው፤ ወሬ አያበዛም።

«አልማዝን በዚሁ መኪና ላኩልኝ። ያለ እሷ እጄ ታስሯል። ለሰባር ጊዮርጊስ ካልደረሰች ተዋረድሁ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከሰው እጅ ጠብቃችሁ።»

እማዬ አንብባ ስትጨርስ መሳቢያ ውስጥ ያለችውን መቁረጫ ፈልጎ ይሆናል አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ግን አባባ እዚያው ነበሩ። አያቴ አባባ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ ሰው ነበሩ፤ ሰው እንዴት አደሩ ሲላቸው እንኳ ሰምና ወርቁን ለይተው ነው የሚመልሱት። ወረቀቱን ተቀብለው ለራሳቸው አነበቡት፤ ከዚያ ፈገግ አሉ።

«መቁረጫዋንማ ዓይናችን እያየ በኪሱ ከተታት። በኪሱ ያለውን ማን ይለምናል?» አሉ። «ሰሙ መቁረጫዪቱ ናት፤ ወርቁ ልጅቱ። አፍሮ ነው እንጅ ይኸው፣ ያለ እሷ እጄ ታስሯል ይላል።»

እማዬ መጀመሪያ ሳቀች። ወንድሟ ሠላሳ ሊሞላው ነው፣ ሚስት አግባ ሲሉት መስታወት ይቆጥራል። ከዚያ አሰበችና የፍቅሩን ነገር ባታምንበትም፣ ለአናጢዎቹ ቀለብ የሚያዘጋጅ ጠፍቶ ቢሆንስ አለች። በጨርቅ ጠቅልሉ ማለቱ ቋሪት ብርድ ስለሆነ ጋቢ ስጧት ማለት ነው። ከሰው እጅ ጠብቁ ማለቱ ደግሞ ልጃገረድ ብቻዋን አትላኩ ማለት ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ጠባቂዋ እኔ ሆንሁ፤ የስምንት ዓመት ጠባቂ። አልማዝ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አባባ የሚሉትን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ለእኔ ፀጉሬን እየሠራች ብቻ «ሥራ ነው» አለችኝ። ለሰባር ጊዮርጊስ አራት ቀን ቀርቶታል።

በማግሥቱ በጭነት መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያ መካከል ተቀምጠን ሄድን። አልማዝ በእማዬ ጋቢ ተጠቅልላለች፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ዳገቱን ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ የታጨደው ማሳ ወደ ኋላ ቀረ፣ እኔ ተኛሁ። ገበዝ ማርያም ወርደን በእግራችን ጀመርን። መንገዱን የጠየቅነው ገበሬ ሁሉ ሣጥኑን ያውቀዋል። ሰዎቹ የመስታወቱን ሣጥን በቃሬዛ ተሸክመው ሲያልፉ መንገደኛው ባርኔጣውን እያወለቀ ማን እንደሞተ ይጠይቅ ነበር አሉን። አንዲት ሴትዮ ለቅሶ ከጀመሩ በኋላ ነው መስታወት መሆኑ የተነገራቸው፤ «የጀመርሁትንስ ልጨርሰው» ብለው ለሞተው ወንድማቸው አለቀሱ ተባለ።

ጋሼ ደሳለኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር ነበር። ሲያየን ሮጦ መጣ። ከኋላችን ተመለከተ። ከዚያ የአልማዝን እጅ ተመለከተ።

«ደኅና መጣችሁ። አልማዝስ?»

«ይኸው መጣሁ» አለች አልማዝ።

አናጢው አያ ስማቸው መጋዛቸውን አስቀምጠው ቀስ ብለው እንጨት ላይ ተቀመጡ፤ ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ጋሼ ወሬውን የነገረን ፊቱ ደም መስሎ ነው። የመጀመሪያውን መስኮት በልኩ፣ በእኩል እኩል አራት ማዕዘን ቆርጦ ሲጨርስ የመቁረጫዋ ጥርስ ወልቃ ጭዱ ውስጥ ወደቀች፤ ጭዱን በእፍኝ እየዘገኑ ቢያበጥሩትም ጠፋች። ደግሞ ሣጥኑ ጅረት ሲሻገር አንዱ ተሸካሚ አዳልጦት ከድንጋይ ጋር ስለተጋጨ የቀረው ባለ ቀለም መስታወት አብዛኛው ተሰባብሯል። ከስብርባሪው ደህና ደህናውን አራት ማዕዘን እየቆረጠ ሊያወጣ ነበር ተስፋው። መሳቢያ ውስጥ ያለችውን አልማዝ የለመነው ለዚያ ነው። ያመጣን መኪና ተመልሷል፤ የሚቀጥለው የሚመጣው ከንግሡ በኋላ ነው።

አልማዝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። ሥራ ብላ የመጣችበት ነገር የአባባ ቅኔ ሆኖ ቀረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ አባቷ ይመጣሉ። ሣጥኑ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ስብርባሪውን ከጭዱ ውስጥ እያወጣች መደርደር ጀመረች። መጀመሪያ እጇን ለማስያዝ መስሎኝ ነበር። ቀዩን ከአረንጓዴው ጎን፣ ሹሉን ከሹሉ፣ ቢጫውን መካከል። ሰፌድ ስትጀምር የቀለም አክርማዋን እንዲህ ነው የምትደረድረው። እኔ አቀብላታለሁ፣ እሷ አንዳንዱን ትመልስልኛለች። አያ ስማቸው መጥተው ከላያችን ቆሙ።

«አያ ስማቸው፣ መጋዝዎ ይሠራል?» አለቻቸው ቀና ሳትል።

«መጋዜማ ምን ሆነ?»

«እንግዲያው መስታወቱን ለእንጨቱ መቁረጥ ካልቻልን፣ እንጨቱን ለመስታወቱ እንቁረጥለት።»

ጋሼ ደሳለኝ ከወዲያ ሆኖ ሰማ። እንዲህ ያለ መስኮት ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም አለ። አያ ስማቸው ግን ጎንበስ ብለው አንዱን ባለ ሦስት ማዕዘን ቀይ ስባሪ አነሱ፣ በጣታቸው ጠርዙን ተከተሉት፣ ከዚያ ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አወረዱ። ነገሩ ተቆረጠ ስንል ቄሰ ገበዙ መጡ። የደብሩ ንብረት በእጃቸው ነው፤ መስኮቱንም ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ጆንያው ላይ የተዘረጋውን ሲያዩ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሕዝቡ ከጎተራው ያዋጣው ለዚህ አልነበረም፤ ለሰማዕቱ ስባሪ ሊቀርብለት ነው ወይ አሉ። ጋሼ አንገቱን ደፋ። እኔ ከአልማዝ ጀርባ ገባሁ።

አልማዝ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

«አባታችን፣ የሚነግሠው ሰባር ጊዮርጊስ አይደለም እንዴ?»

ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። እኔ የዋርካውን ቅጠል መቁጠር ጀምሬ ነበር። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው «የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁት፤ መልሱን ሳይጠብቁ ሥሩ በሚል ዓይነት መቋሚያቸውን አነሥተው ሄዱ። አያ ስማቸው ትከሻቸው እንደገና ተነቃነቀ። ይህን ቅኔ አባባ በሰሙት ኖሮ የሚያደርጉትን አስቤ እኔም ሳቅሁ።

ሥራው ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። እንዲህ ነበር የሚሠራው። አልማዝ ስባሪዎቹን ትደረድራለች። በደረደረችበት ላይ የደብተር ወረቀት አድርጋ ጠርዙን በከሰል ትነድፋለች፤ ወረቀቱን የምይዘው እኔ ነኝ። አያ ስማቸው በዚያ ልክ ሊስቴሎውን፣ መስታወቱን አቅፋ የምትይዘውን ቀጭኗን እንጨት፣ በዚህም በዚያም አግድመው ይቆርጣሉ። ጋሼ ደግሞ እንቢ ያለውን ጠርዝ በፒንሳ ቀጠፍ ቀጠፍ እያደረገ ያርቀዋል፣ ከዚያ በስቱኮ ይለጥፈዋል። በመጀመሪያው ቀን ትእዛዝ የሚሰጠው ጋሼ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን «ይኸ ቀይ የት ይግባ?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁት፤ እሷም ሳታስበው መለሰችለት፣ እሱም ሳያስበው ታዘዘ። ጣቶቿ ተቆራርጠው በጨርቅ ታስረዋል። ስቱኮ ቅንድቧ ላይ ደርቋል። እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ጠባብ ክፍተት ቀረና የሚገጥም ስባሪ ጠፋ። ከኪሴ የእኔን ቢጫ አወጣሁ፤ ያችን መስከረም የምታስጠባውን። ከጥቂት ማመንታት በኋላ ሰጠኋት። ልክ ገባች።

በንግሡ ጠዋት ሰው ቅጥሩን ሞልቶታል። ቅዳሴው እየተገባደደ ሳለ ፀሐይ ከዋርካው ጫፍ ላይ ወጣችና መስኮቶቹ ላይ ደረሰች። የመጀመሪያው፣ ጋሼ በልኩ የቆረጠው፣ እኩል እኩል ቀለም እንደ ጠረጴዛ ልብስ ወለሉ ላይ አነጠፈ፤ ያማረ ነው። ሁለቱ የአልማዝ መስኮቶች ግን በሴቶቹ መቆሚያ በኩል ናቸው። ቀለማቸው ወለል ላይ አልወረደም፤ በነጭ ነጠላ ላይ ተበተነ። አጠገቤ ያሉ ሴትዮ ትከሻቸው ላይ ቀይ አይተው በእጃቸው አራገፉት፤ አልለቅ ሲላቸው እጃቸውም ቀይ ሆነ፤ ያን ጊዜ ቀና ብለው መስኮቱን አዩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከፊታችን ደግሞ አንዲት መነኩሲት መዳፋቸውን ዘርግተው አረንጓዴውን እንደ ጠበል ተቀበሉት። ፊታቸውን አበሱበት። በመስታወት ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ ግን አላየሁም።

የአልማዝ አባት የደረሱት ታቦቱ ከገባ በኋላ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ቀደም ብለው ፍኖተ ሰላም ሄደው ኖሯል፤ ልጃቸውን ቢጠይቁ ያገኙት አባባን ነው። አባባም ደስ ብሏቸው ሰሙንም ወርቁንም አብራሩላቸው። ሰውየው የሰሙት ግን «ልጅዎን ሰው ጠራት፣ ሄደች» የሚለውን ብቻ ነው። መኪና አልጠበቁም፤ ዱላቸውን ይዘው ሁለት ቀን በእግራቸው መጡ። ቅጥሩ ውስጥ ሲገቡ እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ ነው፤ ፊታቸውን ያየ መንገድ ይለቅላቸዋል። ጋሼ ደሳለኝን ሳይሆን አያ ስማቸውን አገኙ።

«ልጄን የወሰዳት ሰውዬ የታለ?»

አያ ስማቸው በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። «የወሰዳትስ ያውና» አሉ።

ሰውየው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እኔ ከአልማዝ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ከኋላቸው ነበርን፤ መዳፏ በላብ ርሷል። ከመስኮቱ ፊት ቆሙ። ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው በሻካራ ጣታቸው እንጨቱን ዳሰሱ፤ ወደ ላይ ወጡ፣ ተጠማዘዙ፣ ወደ ታች ወረዱ፣ ሰፌድ ላይ እንደሚሄድ ጣት። ዞር ሳይሉ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አልማዝ በአዊኛ መለሰች። ሰውየው መጀመሪያ በአፍንጫቸው ተነፈሱ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን ዕንባ ለቀቀችው። እኔ ምንም ስላልገባኝ ከሁለቱም ጋር በየተራ ሳቅሁም አለቀስሁም። ምን እንደተባባሉ ቆይታ ነው የነገረችኝ። አባቷ «እንግዲህ ለአማቾቹ ምን እላቸዋለሁ?» ነው ያሉት። እሷ ደግሞ «መስኮት ይፈልጉ እንደሆን ይጠይቁልኝ።»

አባቷ ብቻቸውን ተመለሱ። እኛ በሚቀጥለው የገበያ መኪና መጣን፤ በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ መሳቢያውን ከፍቶ ተኝታ የነበረችውን አልማዝ ለአልማዝ ሰጣት። አባባ ከዚያ በኋላ ለሠርጉ መዘጋጀት ጀምረው ነበር። ጋሼ ግን መራዊ ላይ የእህል ነጋዴ ልጅ አግብቶ እዚያው ቀረ፤ ሱቁን ለእትዬ አልማዝ ተወላት። እሷ ያገባችው ዘግይታ ነው፣ ባሏን ራሷ መረጠች፤ አስተማሪ ነው፣ መስታወት ሲሸከም ዓይኑን ይጨፍናል። አባባ እስኪያርፉ ድረስ አልተሸነፉም። ትርጓሜዬ ልክ ነበር፣ የሳተው ሙሽራው ነው ይሉ ነበር። እኔም አሁን አሁን እውነታቸውን ይመስለኛል። ያን ወረቀት እማዬ እንዳለችው በቀጥታ አንብበነው ቢሆን መቁረጫዪቱ በጨርቅ ተጠቅልላ ትሄድ ነበር፤ ሦስቱም መስኮቶች እኩል እኩል ይሆኑ ነበር፤ አልማዝም በቡሬ መኪና ትሳፈር ነበር። ስለዚህ እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ። በጭድ ውስጥ ለጠፋችውም ጥርስ እግዜር ይስጥልኝ። ላዳለጠው ሰውዬ ደግሞ፣ ስሙን ባላውቀውም።

ቄሰ ገበዙ አርጅተዋል፤ አሁንም በየዓመቱ በመንገደኛ ሰላምታ ይልካሉ። ዘንድሮ የላኩት ቃል ለእኔ ነው፤ መጻፍ ጀመርሽ አሉ፣ እንግዲያው ለሚያነበው ሁሉ ንገሪልኝ ብለዋል። ይኸው እነግራችኋለሁ። ከፍኖተ ሰላም ገበዝ ማርያም አሁን በየቀኑ መኪና አለ፤ ከዚያ ወዲያ የጊዮርጊስን መንገድ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል። በሰባር ጊዮርጊስ ቀን ቅዳሴው ሳይወጣ ድረሱ፣ በሴቶቹ መቆሚያ በኩል ያለው ብርሃን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚቆየው። ወንዶችም ብትሆኑ ከበሩ ላይ ሆናችሁ ታያላችሁ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ነጠላችሁን ግን አጥባችሁ ኑ። ነጭ ካልሆነ ቀለሙ አይይዘውም።